ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ፦ ጢያንና መልካ ቁንጡሬን ከአባቴና ከልጄ ጋር እንዴት እንዳየናቸው

ጥቅምት 2017 ላይ አባቴንና የ9 ዓመት ልጄን ይዤ የጥንት ትክል ድንጋዮቹን ለማየት ጢያ፣ ስንመለስ ደሞ የጥንት ሰው የድንጋይ መሳሪያና አጥንት ወደ ሚገኝበት መልካ ቁንጡሬ ሄጄ ነበር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከአዲስ አበባ ወጥተን ማታ 1 ሰዓት ሳይሞላ ቤት ገብተናል። ከዛ ወዲህ ስንት ሰው እየደወለ እንዴት ነው ሚኬደው፣ በአንድ ቀን ይደርሳል ወይ፣ ሽማግሌ ይችለዋል ወይ እያለ ስለጠየቀኝ ሁሉንም በአንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል ግን ለመሄድ ያሰበ ሰው ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ ስለ በፊቱ ጉዞ ልንገራችሁ ምክንያቱም የሁለተኛው ጥሩ የሆነው ከሱ ተምሬ ነው። ከሶስት ዓመት በፊት ሐምሌ ላይ ከጓደኛዬ ጋር በትራንስፖርት ሄድን። የተነሳነው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው፣ ቅርብ ነው ብለን። ከአየር ጤና አለም ገና በታክሲ፣ ከአለም ገና ደሞ የቡታጅራ ሚኒባስ፣ እስከዚህ ምንም ችግር የለውም። መልካ ቁንጡሬ መንገድ ላይ ስለሆነ እሱን ቀድመን እንይ ብለን ወረድን፣ አየን፣ ዝናብ ያዘን፣ እስኪያባራ ተጠለልን፣ ከዛ ወደ ጢያ ሚሄድ መኪና ብንጠብቅ ብንጠብቅ ሁሉም ከአለም ገና ሞልቶ ነው ሚመጣው። ጢያ ስንደርስ 10 ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ትኬት ሚቆርጠው ሰውም ሄዷል፣ ድንጋዮቹን በአጥር በኩል አይተን ተመለስን። አስፋልቱ ላይ ቆመን ወደ አዲስ አበባ ሚሄድ መኪና ስንጠብቅ ያው ነገር ተደገመ፣ ከቡታጅራ ሚመጣው ሁሉ ሙሉ ነው። ጨለመብን። ሁለት ሴቶች ጨለማ ውስጥ መንገድ ዳር ቆመን የነበርንበትን ስሜት አሁንም አልረሳውም፣ በስተመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ነው ያነሳን፣ ሹፌሩ ጨዋ ሰው ነበር እግዚአብሔር ይስጠው።

ስለዚህ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ሩቁን አስቀድሙ። ጢያ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በቡታጅራ መንገድ 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ መልካ ቁንጡሬ ደሞ እዛው መስመር ላይ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር። መጀመሪያ በቀጥታ ጢያ ሂዱና ስትመለሱ መልካ ቁንጡሬ ውረዱ፣ እንደዛ ከሆነ ቢመሽባችሁ እንኳ ለአዲስ አበባ ቀርባችኋል። በትራንስፖርት ሚሄድ ሰው ከጢያ ቢዘገይ ቢዘገይ በ8 ሰዓት ይውጣ፣ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ቦታ ያለው መኪና ማግኘት ከባድ ነው። አራት አምስት ሰው ከሆናችሁ ግን ኮንትራት መኪና ይዛችሁ ብትካፈሉት ይሻላል፣ እኛ በሁለተኛው የሰፈር ሹፌር ነው የያዝነው። ከሹፌሩ ጋር ስትነጋገሩ የት የት እንደምትቆሙ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ነዳጁ በማን እንደሆነ ቀድማችሁ ጨርሱ፣ እዛ ከደረሱ በኋላ መነታረክ የቀኑን ደስታ ያበላሸዋል። እና ከመውጣታችሁ በፊት በዛ መስመር ሚሰሩ ሹፌሮችን መንገዱ እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ከነሱ በላይ ሚያውቀው የለም።

ጊዜውን በተመለከተ ከመስቀል በኋላ ያለው ነው ምርጡ። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ በግራ በቀኝ ጤፉ፣ በስተምዕራብ የጉራጌ ተራሮች ጥርት ብለው ይታያሉ። ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ግን በትራንስፖርት አትሞክሩት፣ ያ ሁሉ ነጋዴ፣ ያ ሁሉ ሰራተኛ ለመስቀል ወደ አገሩ ሚገባበት መንገድ እኮ ነው፣ ሚኒባስ ወረፋው ሌላ ነው።

አሁን ስለ አባቴ። አባዬ የተወለደው ቡታጅራ አካባቢ ነው፣ ዘንድሮ 71 ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ የመጣው ልጅ ሆኖ ነው፣ ከዛ ወዲህ በዓመት አንዴ ሁለቴ በዛ መንገድ ይመላለሳል፣ ለመስቀል፣ ለለቅሶ፣ ለሰርግ። ግን አንድም ቀን ጢያ ወርዶ ድንጋዮቹን አላየም። ለምን ስለው "አውቶቡሱ አይቆምማ" አለኝ። ልጅ ሆነው "የግራኝ ድንጋይ" ነበር ሚሏቸው፣ ግራኝ አህመድ ሲያልፍ የተከለው ነው ይባል ነበር፣ ከዛ በላይ ሚያውቀው ነገር አልነበረም። እኔም ትምህርት ቤት ከተማርነው አንድ መስመር ውጪ አላውቅም ነበር። ሃምሳ ምናምን ዓመት በአጠገቡ እያለፈ ሳያየው ቀረ ማለት ነው፣ ይሄን ሳስብ ነው መኪና የያዝኩት።

ጢያ ደረስን 3 ሰዓት ላይ። ሳይቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው፣ የታጠረ ሜዳ ነው፣ በሩ ላይ ትኬት ትቆርጣላችሁ። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ይለያያል፣ ስለዚህ መታወቂያ ያዙ፣ ካሽም ያዙ፣ ዝርዝር ቢሆን ጥሩ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ እሱንም አስቡበት።

በጠዋት መድረስ ሌላም ጥቅም አለው፣ ይሄን የነገረን አስጎብኚው ነው። ቅርጾቹ ብዙ ጠልቀው የተቀረጹ አይደሉም፣ ጠዋት ጸሐይዋ በጎን ስትመታቸው ጥላ ስለሚፈጥር ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ጸሐይ አናት ላይ ስትሆን ድንጋዩ ሜዳ ይሆንባችኋል፣ ፎቶውም አይወጣም። እኛ ስንወጣ 5 ሰዓት አልፎ ስለነበር ልዩነቱን በአይናችን አይተነዋል፣ መጀመሪያ ያየነው ጎራዴ ስንወጣ በደንብ አይለይም ነበር። ጥላ ሚሆን ብዙ ነገርም የለም፣ ኮፍያ ወይ ጃንጥላ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፣ አክሱምን አስባችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ቅር ሊላችሁ ይችላል። ትልልቅ አይደሉም፣ ከአንድ ሜትር እስከ አምስት ሜትር ነው፣ አብዛኛው ከሰው ቁመት ብዙ አይበልጥም። በሩ ላይ ቆማችሁ ሁሉንም በአንድ እይታ ታዩታላችሁ፣ ከኛ በፊት የገቡ ወጣቶች በሩብ ሰዓት ውስጥ ፎቶ ተነስተው ሲወጡ አይቻለሁ። አስጎብኚ ሳትይዙ ከገባችሁ እናንተም በሩብ ሰዓት ትጨርሳላችሁ። እባካችሁ አስጎብኚ ያዙ፣ እዛው የአካባቢው ልጆች አሉ፣ ሚከፈላቸው ብዙ አይደለም፣ እኛን ያስጎበኘን ወጣት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይሰለች ነው ያስረዳን፣ አባዬን ደሞ "አባባ እዚህ ጋ አረፍ ይበሉ" እያለ፣ በመሃል የነሱን ቋንቋ ማወቁን ሲሰማ ጨዋታው በክስታንኛ ሆነ፣ እኔና ልጄ ትርጉም ጠባቂ ሆንን።

የነገረንን ላካፍላችሁ። በጠቅላላው 36 ድንጋይ ነው፣ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። 33ቱ ወደ 45 ሜትር በሚሆን መስመር ላይ ተሰልፈው የቆሙ ናቸው፣ ሶስቱ ደሞ ራቅ ብለው ለብቻቸው። በሶዶ አካባቢ እንደዚህ ዓይነት ትክል ድንጋይ ያለባቸው ወደ 160 ቦታዎች ተገኝተዋል፣ ጢያ ከነሱ ዋናው ነው፣ ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. ነው የመዘገበው። ቅርጾቹን ቀርባችሁ ስታዩ ጎራዴ አለ፣ አንዱ ላይ ጥቂት፣ ሌላው ላይ ብዙ፣ ክብ ክብ ነገር አለ፣ እንደ ኤክስ የተጠላለፈ ምልክት አለ፣ ከታች ቅርንጫፍ ያለው ተክል ሚመስል አለ፣ ትራስ ማለትም በርኩማ ሚመስል አለ፣ የሴት ጡት የተቀረጸበትም አለ። ጎራዴው ጀግንነትን፣ ምናልባትም የገደለውን ጠላት ብዛት ያሳያል ሚሉ አሉ፣ ተክሉ እንሰት ነው ሚሉም አሉ፣ ግን ምልክቶቹን አንብቦ የጨረሰ ሰው እስካሁን የለም። ልጄ ደብተር ይዞ ስለነበር እያንዳንዱን ምልክት እየሳለ ስንት ድንጋይ ላይ እንዳለ ይቆጥር ነበር፣ ልጅ ይዛችሁ ምትሄዱ ከሆነ ይሄን አድርጉ፣ የኔ ልጅ በየትኛውም ቦታ አስር ደቂቃ ዝም ብሎ ቆሞ አያውቅም፣ እዚህ ግን እኔ ነኝ እንሂድ ያልኩት።

ከዛ አስጎብኚው መስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ድምጹን ዝቅ አድርጎ "አሁን የቆምነው መቃብር ላይ ነው" አለን።

ይሄን ነው ሳታውቁ እንዳትሄዱ ምፈልገው። ጢያ የመቃብር ቦታ ነው። ሮዤ ዡሶም ሚባል ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት ሲቆፍር ከድንጋዮቹ ስር ሰዎች ተገኙ፣ ወንድም ሴትም፣ ጉልበታቸውን አጥፈው እንደ ሕጻን ጥቅልል ብለው የተቀበሩ። እና አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት። ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የኖሩ ናቸው ነው ሚባለው፣ ግራኝ አህመድ ደሞ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፣ ማለት ግራኝ በዛ ሲያልፍ ድንጋዮቹ ቆመው ነበር። አባዬ ይሄን ሲሰማ ዝም አለ። ቆየት ብሎ "እነዚህ ልጆች ናቸው እኮ" አለ፣ ኮፍያውን አውልቆ "ነፍስ ይማር" ብሎ ቆመ። እኔም ልጄም ቆምን። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደገደላቸው፣ ጦርነት ይሁን በሽታ ማንም አያውቅም፣ ግን አንድ ሰው ድንጋይ አምጥቶ፣ ጠርቦ፣ ቀርጾ ራስጌያቸው ላይ አቁሞላቸዋል፣ ያዘነላቸው ወገን ነበራቸው ማለት ነው። ከዛ በኋላ ድንጋዮቹን ያየሁበት ዓይን ሌላ ነው።

ስለዚህ እዛ ስትሄዱ ድንጋዩ ላይ አትቀመጡ፣ አትደገፉ፣ አቅፋችሁ ፎቶ አትነሱ። ልጄ ገና እንደገባን አንዱን ሊያቅፍ ሲል አስጎብኚው በፍቅር ነው ከልክሎ ያስረዳው፣ እጅ በነካው ቁጥር ላቡና ዘይቱ ቅርጹን ያጠፋዋል፣ ዝናብና ንፋስ የሚያደርስበት ይበቃዋል አለው። ከኛ በፊት የነበሩት ግን አንዱ የወደቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ክፋት ኖሯቸው አይመስለኝም፣ የነገራቸው ስለሌለ ነው፣ መቃብር መሆኑን ቢያውቁ አገራችን ላይ መቃብር ላይ ሚቀመጥ ሰው የለም።

ምሳ ጢያ ከተማ ነው የበላነው፣ ቅዳሜ ስለነበር ክትፎ በቆጮ፣ አይቡም ጎመኑም ጋር። ረቡዕና ዓርብ ምትሄዱ ካልሆነ በቀር ከቤት ምሳ ቋጥራችሁ አትልፉ፣ አገሩ ነው እኮ። ሽንት ቤትም እዛው ምሳ የበላችሁበት ተጠቀሙ፣ ሶፍትና ውሃ ያዙ፣ በተለይ ልጅና ሽማግሌ ካለ።

8 ሰዓት ላይ ተመለስን ወደ መልካ ቁንጡሬ። ይሄኛው ደሞ ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ነው። ጢያ ላይ ምታወሩት ስለ ሰባት ስምንት መቶ ዓመት ነው፣ እዚህ ስለ ሁለት ሚሊዮን። አዋሽ ወንዝ የቆረጠው ገደል ስር በንብርብር አፈርና በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ የድንጋይ መሳሪያና አጥንት ይገኛል። በ1963 እ.ኤ.አ. ዠራርድ ዴከር ሚባል የሆላንድ ሰው ነው መጀመሪያ ያገኘው፣ የውሃ ባለሙያ ነበር፣ ከዛ በ1965 ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮ ጀመረ፣ ለሰላሳ ዓመት ቆፈረ፣ ከሱ በኋላ ጣልያኖች ቀጠሉ። እኛ ከመሄዳችን ከሶስት ወር በፊት ነው መልካ ቁንጡሬና ባልጭት ዩኔስኮ የተመዘገቡት፣ በ2024 እ.ኤ.አ.።

ሙዚየሙ ጎጆ ጎጆ ሆኖ የተሰራ ነው፣ በየጎጆው ውስጥ የድንጋይ መሳሪያው፣ የራስ ቅል ቅጂው፣ የእንስሳት አጥንቱ ተደርድሯል፣ ከሙዚየሙ ወጥታችሁ ትንሽ በእግር ስትሄዱ ደሞ ተቆፍሮ እንዳለ የተተወ ቦታ መጠለያ ተሰርቶለት ታያላችሁ። መንገዱ ወጣ ገባ ስለሆነ ጫማ አድርጉ፣ አባዬ ቀስ እያለ ዱላውን ይዞ ደርሷል፣ ጉልበቱን ሚያመው ሰው ግን ሙዚየሙ ላይ ቢቀር ምንም አይቀርበትም።

እዚህ ልጄን ያስገረመው የልጆች ነገር ነው። ጎምቦሬ ሚባለው ቦታ ላይ የ700 ሺህ ዓመት የእግር ዱካ ተገኝቷል፣ የአዋቂም የሕጻናትም፣ ጉማሬ ሚበለትበት ኩሬ ዳር። ትልልቆቹ ሥጋ ሲበልቱ፣ ድንጋይ ሲጠርቡ ልጆቹ እዛው ጭቃው ላይ ነበሩ ማለት ነው። ጋርባ ከሚባለው ቦታ ደሞ የሁለት ሚሊዮን ዓመት የሕጻን መንጋጋ ተገኝቷል። ልጄ "እናታቸው ጭቃ አትርገጡ አትላቸውም ነበር?" ብሎ ጠየቀ፣ አስጎብኚዋ ስቃ "ትላቸው ይሆናል፣ ግን አልሰሟትም፣ ባይረግጡ እኛ አናገኛቸውም ነበር" አለችው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ነው፣ ቀዝቃዛ ደጋ፣ ያኔ ሰው ቆላ ብቻ እንዳልኖረ ያሳየ ቦታ ስለሆነ ነው ይሄን ያህል ሚፈለገው።

አባዬን የያዘው ግን ባልጩቱ ነው። ጥቁሩ ሚያብረቀርቀው ድንጋይ። በአቅራቢያው ባልጭት ሚባለው ቦታ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድንጋይ ነው፣ ከሚሊዮን ዓመት በላይ ሰው ከዛ እያመጣ መሳሪያ ሲሰራበት ኖሯል። አባዬ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መፋቂያ አይቶ ቆመና "ይቺን አውቃታለሁ" አለ። ልጅ ሆኖ ሰፈራቸው ቆዳ ሚፍቁ ሰዎች ነበሩ፣ ለጀንዲ ሚሆነውን ቆዳ ወጥረው እንጨት ላይ በተሰካ ባልጩት ነበር ሚፍቁት፣ ሲደንዝባቸው በትንሹ መታ አድርገው እንደገና ያሾሉታል፣ ስባሪው መሬት ላይ ሲረግፍ ልጆች እግራችሁን እንዳይቆርጣችሁ እየተባሉ ይባረሩ ነበር። አስጎብኚዋ ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች። እኔ የሱ ልጅ ሆኜ ይሄን ታሪክ በ38 ዓመቴ ነው የሰማሁት። ሽማግሌ ወላጅ ያላችሁ ሰዎች ይዛችኋቸው ሂዱ ምለው ለዚህ ነው፣ ቤት ቁጭ ብላችሁ ብትጠይቋቸው ማይመጣላቸው ነገር እዛ ዕቃውን ሲያዩ ይመጣላቸዋል። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱና ድምጻቸውን ቅዱ፣ እኔ ባትሪዬን ጠዋት በፎቶ ጨርሼው ስለነበር ይሄን ሳልቀዳው ቀረሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

እና ከመሬት ምንም አታንሱ። ልጄ መንገድ ላይ ያገኛትን ጥቁር ድንጋይ ኪሱ ከትቶ መኪና ውስጥ ነው ያየሁት፣ ተመልሰን ለአስጎብኚዋ ሰጠናት፣ አልተቆጣችውም፣ የት እንዳገኛት አሳይቷት ቦታዋ ላይ አስቀመጡት። ለኛ ጠጠር ሚመስለን ነገር ከቦታው ከተነሳ በኋላ ለነሱ ሚናገረው ነገር የለም።

አዳዲ ማርያምን ለምን አላያችሁም ትሉኛላችሁ። እዛው መስመር ላይ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሚያስገባ ኮረኮንች አለ፣ ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፣ በቅዱስ ላሊበላ ዘመን የታነጸች ናት ነው ሚባለው፣ ጣራዋ ከመሬቱ እኩል ሆኖ ወደ ታች ወርዳችሁ ነው ምትገቡት። አስጎብኚ ድርጅቶች ሶስቱንም በአንድ ቀን ያሳያሉ፣ ይደረሳልም። እኔ ግን ከእናቴ ጋር ለብቻዋ ሄጄ ስላየኋት፣ ቅዳሴ ሚቀደስባት ቤት እንጂ ሙዚየም ስላልሆነች ለሩብ ሰዓት ገብቶ መውጣት ልቤ አልፈቀደም። ምትሄዱ ከሆነ ነጠላ ያዙ፣ ወር በገባ በ21 ከሄዳችሁ ሕዝቡን ታገኛላችሁ፣ ክረምት ላይ ደሞ ኮረኮንቹ ስለሚጨቀይ በትንሽ መኪና አትድፈሩ። ሽማግሌና ልጅ ይዞ ሶስቱን ማሯሯጥ ግን አልመክርም።

ከመልካ ቁንጡሬ የወጣነው 10 ሰዓት ተኩል ነው። አለም ገና ላይ መኪናው ተጨናንቆ አንድ ሰዓት ያህል ወሰደብን፣ እሱን ከግምት አስገቡ፣ የመንገዱ ረጅሙ ክፍል ከተማ ውስጥ መግባቱ ነው። ልጄ ኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል፣ አባዬ ደሞ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ ስልክ ይደውል ነበር፣ ለወንድሞቹ፣ ለአጎቴ ልጆች፣ "የግራኝ አይደለም፣ ከግራኝ በፊት ነው፣ ልጆች ናቸው የተቀበሩበት" እያለ። ለመስቀል ሁላችንም በአንድ ሚኒባስ ነው ምንወርደው፣ ሹፌሩ የአክስቴ ልጅ ነው። ከአሁኑ ነግሮታል፣ ጢያ ላይ ያቆማል፣ ሁሉም ይወርዳል።